የሐሙስ ጾመኞች

በልጅነቴ ደቦ የሚለውን ቃል ስሰማ ምራቄ ይሞላ ነበር። ሌላው ሰው ደቦ ሲባል ሥራ ይታየዋል፤ ለእኔ የሚታየኝ ድስት ነበር።

በእኛ አገር፣ ከኦበይድ በስተሰሜን ባለው አሸዋማ ምድር፣ ደቦ የጠራ ሰው ያበላል። ጎረቤቱን ለአረም የጠራ ገበሬ ዱኽን ከምንለው ደቃቅ ማሽላ የተሠራ ገንፎውን እንደ ጉብታ ቆልሎ፣ የደረቀ ባሚያ ወጥ አፍስሶበት ከማሳው ዳር ያቀርባል። ሠራተኛው በልቶ ሲነሣ ድስቱ ለልጆች ይለቀቃል። እኔ ከድስት ዙሪያ በክርን ተጋፍቼ ተሸንፌ አላውቅም። ሳያበላ ደቦ የጠራ ሰው ስሙ በሰርግ ላይ እየተነሣ ይሳቅበታል፤ ሲሞት እንኳ ቀባሪው «ዛሬም ምሳ የለም» እያለ ይቀልድበታል።

የረሃቡ ዓመት አልፎ ዝናብ የጣለ ጊዜ እኔ ስድስት ዓመቴ ወይም ሰባት ነበር። እናቴ ራድያ የልጆቿን ዕድሜ በክረምት ነበር የምትቆጥረው፤ ዝናብ የቀረባቸውን ዓመታት ምን እንዳደረገቻቸው እንጃ። አባቴ በረሃቡ መካከል ሥራ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍ ሰፋፊ እርሻዎች ሄዶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ፍየሎቻችን አልቀዋል። ከመንደሩም ግማሹ ሰው ወደ ኦምዱርማን ተሰዶ በከተማው ዳር በጆንያ ጎጆ ውስጥ እንደሚኖር እንሰማ ነበር።

እኛ ያልሄድነው እናቴ ዘር ስለነበራት ነው። ከአመድና ከአሸዋ ደባልቃ፣ በማሰሮ ከድና፣ ከምንተኛበት ምንጣፍ ሥር ቀብራው ኖሯል። አሸዋ የቀላቀለችበት ቢርበን እንኳ እንዳይፈጭ ብላ ነው። ያን ሁሉ ወራት በእህል ላይ ተኝቼ ስራብ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ባውቅ ኖሮ አሸዋውንም አልምረውም ነበር።

ዘሩ በቀለ። ዱኽኑ እስከ ጉልበቴ ሲደርስ አረሙም አብሮት ደረሰ፤ ከሁሉም ይልቅ አቀንጭራው። የአቀንጭራ አበባ ሐምራዊ ነው፣ ደስ ይላል። አንድ ቀን ቀንጥሼ ከጆሮዬ ኋላ ሰክቼ ወደ እናቴ ስሮጥ መንጭቃ አውጥታ በእግሯ ረገጠችው። አበባ የምትጠላ ሴት መሰለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት። ያ አበባ ከመሬት በታች የዱኽኑን ሥር ጠብቶ የሚጠጣ ሌባ መሆኑን ማን ይንገረኝ?

እናቴ ብቻዋን ስትኮተኩት ሰነበተች። ከዚያ አንድ ጠዋት መኮትኮቻው ሥር አገኘና ነጥሮ እግሯ ላይ አረፈ። እግሯ እንደ እርጎ ቅል አበጠ። በዚያው ሰሞን የአባቴ ወንድም፣ ኦምዱርማን ዳቦ ቤት የሚሠራው አጎቴ ሙካሽፊ፣ በጭነት መኪና ሾፌር መልእክት ላከ። «የፊታችን ሰኞ በመኪናው መጥቼ እወስዳችኋለሁ። ዕቃችሁን አስሩ» ይላል።

እናቴ መልእክቱን ሰምታ ማሳዋን አየች። አረሙ ከሰኞ በፊት ከተነቀለ ዱኽኑ ይተርፋል፣ እኛም እንቀራለን። ካልተነቀለ ጆንያ ጎጆ ይጠብቀናል። ይህን የነገረችው ለእኔ ሳይሆን ለታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ገና አፍ ስላልፈታ ምስጢር የምታወራው ለእሱ ነበር፤ እኔ ግን ጆሮ ነበረኝ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሃጃ ሐረም መጡ። ሃጃ ሐረም ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ሰላምታቸው ራሱ ቁጣ የሚመስል፣ ሴቱን ሁሉ «የአጎቴ ልጅ» ብለው የሚጠሩ አሮጊት ነበሩ። የእናቴን እግር አገላብጠው አዩ፣ ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉና ተቀመጡ።

«ደቦ ጥሪ» አሉ።

«ምን አበላለሁ ሃጃ? አሸዋ?»

«ሐሙስ ጥሪ።»

«እስከ ሐሙስ ከሰማይ ሊወርድልኝ ነው?»

«ሐሙስ ነው ያልኩሽ፣ የአጎቴ ልጅ! ጆሮሽንም መኮትኮቻ መታው እንዴ?»

እናቴ የተከናነበችውን ቶብ ጫፍ ስባ ፊቷን ሸፈነች። «ሃጃ፣ እኔ ለማኝ አይደለሁም» አለች ከጨርቁ ሥር።

«ማን ለማኝ አለሽ? ለማኝ የሚለምነው ያለውን ሰው ነው። እዚህ መንደር ውስጥ ያለው ሰው ማነው? እስቲ አሳይኝና እኔም አብሬሽ ልለምነው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ ወሬ የያዝኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ደቦና ሐሙስ። እናቴ የሸፈነችው ፊቷን ዝንብ አስቸግሯት መሰለኝ። ወጥቼ ለሰፈር ልጆች ሁሉ «ሐሙስ በእኛ ቤት ገንፎ አለ» ብዬ አወጅሁ። አንዷ «ውሸታም» ስትለኝ በእናቴ ስም ማልኩላት።

ሐሙስ ሳይነጋ መጡ። ወንዱም ሴቱም መኮትኮቻውን በትከሻው አድርጎ፣ ከፊት ከፊት የመንደራችን የቁርኣን አስተማሪ ሼኽ ደፈላህ ነጭ ጢማቸውን ይዘው። ከኋላ ዐጀብ ነበር። ስለ ዐጀብ ሆድ በመንደራችን የማይወራ ነገር አልነበረም። በረሃቡ ዓመት የአህያውን ኮርቻ ቆዳ ቀቅሎ በላ ይባላል፤ እሱም አያስተባብልም፣ «ጨው አንሶት ነበር» ነው የሚለው። ረመዳንን እንኳ የሚጾመው ሚስቱ እየጠበቀችው ነው።

በአንድ መስመር ተሰልፈው ገቡ። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ መኮትኮቻው በዘፈኑ ልክ አሸዋውን ሽው ያደርጋል። እርጥብ አፈርና የተነቀለ አረም ይሸታል፤ ያ ሽታ ዛሬም የትም ስሄድ ቀጥ አድርጎ ያቆመኛል። እናቴ ያበጠ እግሯን ዘርግታ ግራሩ ሥር ተቀምጣ እሳት አነደደች። እኔ ከእሳቱ አጠገብ ተደፋሁ፤ ድስቱ ውስጥ አንገቴን አስግጌ ሳይ ከታች የሚታየው ውኃ ነው። ገና አልተጀመረም ብዬ ታገሥሁ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ እናቴ ተነሥታ አንዲት ሳህን ይዛ እያነከሰች ወደ ሠራተኞቹ ሄደች። ሳህኗ ላይ ያለው ገንፎ ከጭብጥ አይበልጥም፤ ቤት የነበረው ዱቄት በሙሉ እሱ ነበር። «ቢስሚላህ በሉ» አለች። ድምፅዋ ለትልቅ ድግስ የሚጠራ ሰው ድምፅ ነበር።

ሼኽ ደፈላህ ላባቸውን ጠረጉ። «አላህ ያክብርሽ ራድያ። እኔ ጾመኛ ነኝ።»

ወደ ሃጃ ሐረም ዞረች። «ሐሙስ አይደል እንዴ?» አሉ ሃጃ ሐረም፤ «ሰኞና ሐሙስ የነብዩ ጾም ነው። እኔ ከቀጠልኩት ቆየሁ።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ።»

«እኔም፣ አላህ ይቀበለን።»

ሳህኗ በመስመሩ ሁሉ ዞረች። በመጨረሻ ዐጀብ ጋ ደረሰች። ዐጀብ ገንፎውን አየው። ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ። ወደ ሼኹ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ እንደገና ገንፎውን አየ።

«እኔም...» አለና ምራቁን ዋጠ፤ «እኔም ጾመኛ ነኝ።»

ከመስመሩ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። እናቴ እንደ ወጉ ደጋግማ ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ። ሳህኗ ተመልሳ ለእኔና ለወንድሜ መጣች።

እኔ የእነሱ ጅልነት ገረመኝ። ገንፎ ባለበት ቀን ሰው ይጾማል? አላህ ሐሙስን የፈጠረው ለእኔ ብሎ መሰለኝ፤ ሳህኑን ላስኩት፣ ጣቶቼን ላስኩ፣ የወንድሜንም ጣቶች ላስኩለት።

ከዚያ በኋላ የገንፎው ጠባቂ ሆንኩ። ገንፎው ሆዴ ውስጥ ቢገባም፣ ሰዎቹ ሐሳባቸውን ቀይረው «አምጡ» እንዳይሉ ፈራሁ። ስለዚህ በየቁጥቋጦው እየዞርኩ ጾማቸውን መቆጣጠር ያዝኩ። ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ዐጀብን ከአንድ ቁጥቋጦ ኋላ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። አንድ ጉንጩ አብጧል። እንደ ከረሜላ የሚመጠጠውን የላሎብ ፍሬ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ይመጥጣል።

«ዐጀብ ጾሙን ፈታ!» ብዬ ጮኽሁ። «አየሁት! ዐጀብ እየበላ ነው! አየሁት!»

ዘፈኑ ተቋረጠ። መኮትኮቻዎቹ ሁሉ ቆሙ። ዐጀብ አንድ ጉንጩ እንዳበጠ ብድግ አለ። ከግራሩ ሥር እናቴ ተነሥታ ቆመች፣ በዚያ እግሯ።

ዝምታው ያስፈራኝ ዐጀብ የሚመታኝ ስለመሰለኝ ነው። ዛሬ ግን ያ ዝምታ ምን እንደነበር አውቃለሁ። ዐጀብ ጾመኛ ካልሆነ ማንም ጾመኛ አይደለም። ማንም ጾመኛ ካልሆነ ደግሞ እናቴ ሰውን በባዶ ሆዱ ያሠራች ሴት ናት፤ እሷም እንደዚያ ሆና ከምትኖር ሰኞ መኪናው ላይ ብትወጣ ይቀላታል። ያን ሁሉ ሰው ከንጋት ጀምሮ በጥንቃቄ የያዘውን ነገር እኔ በአንድ ጩኸት ልሰብረው ነበር።

ሼኽ ደፈላህ መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው መጡ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። መዳፋቸው ሻካራና ትኩስ ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርገው፤ «ጾመኛ ረስቶ ቢበላ ጾሙ አይፈርስም። ያበላው አላህ ነው። ጾሙን ይቀጥላል። ዐጀብ!»

«አቤት ሼኽ» አለ ዐጀብ በሙሉ ጉንጩ።

«ረስተህ ነው አይደል?»

«በጣም ነው የረሳሁት ሼኽ።»

«አሁንስ አስታወስክ?»

«ግድ ካላችሁ... አስታወስኩ።»

ላሎቡን ወደ መዳፉ ተፋው። ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ሰነባበተውና አፈር አለበሰው። ያኔ ሃጃ ሐረም ከመስመሩ ጫፍ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው አወጡት፦

«ዐጀብ ረሳ!»

«ምኑን ረሳ?» ብሎ መስመሩ ተቀበለ።

«ሆዱን ረሳ!»

ማሳው በሳቅ ተናወጠ። ዐጀብ ራሱ ከሁሉም በላይ እየሳቀ፣ ከሁሉም በላይ እየቆፈረ ገባ። «ሆዱን ረሳ» እያሉ እስከ አሱር ሶላት አንድ ሙሉ መስክ አጸዱ። እናቴም ተመልሳ ተቀመጠች፤ እኔ የሠራሁትን አሁንም ሳላውቅ፣ «አየሽ እማዬ፣ ጾሙን አስጠበቅሁልሽ» ብዬ እቅፏ ገባሁ። አቅፋ አጥብቃ ያዘችኝ። አመሰገነችኝ ብዬ ነበር።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ እናቴን በቀበርንበት ሰሞን፣ ሃጃ ሐረም በለቅሶው ላይ ነገሩኝ። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ቤት ለቤት ዞረው በየደጁ «ነገ ሐሙስ ነው» ብቻ አሉ። ማንም «እና ምን ይሁን?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

«ግን በባዶ ሆድ፣ በዚያ ፀሐይ...» አልኳቸው።

«ወይ ልጄ» አሉ ሃጃ ሐረም፤ «ያን ጠዋት ከእናንተ ቤት በቀር ጭስ የወጣበት ቤት የት ነበር? ያው ልንራብ ነው። ኒያ፣ የጾም ሐሳብ፣ ጨመርንበት።»

እስከ ዛሬ ስለ ጾም ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ አጭርና ቁርጥ ያለ አልሰማሁም። የሚጎርሱት የሌላቸው ሰዎች ረሃባቸውን አንሥተው፣ ለአላህ ሰጥተው፣ በትራፊው የእናቴን ፊት ሸፈኑበት።

ግን እናቴም ሞኝ አልነበረችም። ከአሱር በኋላ ልጆቹን ጠርታ ከተነቀለው አረም መካከል የሚበላውን ቅጠል እንድንለይ አዘዘችን። ሲቀቀል የሚዝለገለገውን ኹድራ በአንድ በኩል፣ ሌላውን ሁሉ ወዲያ። እንደ ተራራ ቆለልነው። እኔ ለፍየሎቹ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ፍየሎቹ እንደሞቱ ደግሞ ረስታለች ብዬ አዘንኩላት፣ ለማስታወስም አፈርኩ። እሷ ግን ትልቁን ድስት ጣደች።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሠራተኞቹ መኮትኮቻቸውን አንሥተው ጥድፊያ ያዙ። የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ቤታቸው ለመግባት ነበር። እንዲህ ያለ ባለጌ እንግዳ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ቀን እምቢ ብለው ማታ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ይሸሻሉ!

እናቴ በሚያልፉበት መንገድ መካከል ላይ ቆመች፤ በሁለቱም እግሯ።

«ወዴት ነው?»

«ሳይመሽ ብንገባ ብለን ነው፣ የአጎቴ ልጅ» አሉ ሃጃ ሐረም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጭን ድምፅ።

«ቀኑን ሙሉ በማሳዬ የጾመ ሰው ደጄ ላይ ሳያፈጥር ይሄዳል? ሼኽ ደፈላህ፣ ይህ በየትኛው ኪታብ ላይ ነው ያለው?»

ሼኽ ደፈላህ ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «በየትኛውም የለም» አሉ፤ «ያዘችን! ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። የድስቱ ክዳን ሲከፈት ቀኑን ሙሉ ሲነቅሉት የዋሉት አረም፣ በጨው ተቀቅሎ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይንተከተካል። ከኋላ ሆኜ በእፍረት ሞትኩ፤ ሰውን እንደ ፍየል አረም ታበላለች ብዬ። አዛኑ ተሰማ። ውኃ ተጎነጩ። ዐጀብ «ቢስሚላህ» ብሎ በሁለት እጁ ገባ። ከዚያ ሁሉም ተከተሉ፤ ትንፋሻቸው ብቻ እየተሰማ፣ ድስቱ እስኪታጠብ በሉ።

«ደቦዬ በላ?» አለች እናቴ፤ ደቦ የጠራ ሰው እንዲህ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

«በላ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

እናቴ ከመንደሩ የተሰጣትን ክብር ተቀብላ ዝም ልትል ትችል ነበር፤ ማንም አይወቅሳትም። እሷ ግን ከራሳቸው እጅ የወጣውን አረም አብስላ መለሰችላቸው፣ የእውነት ጋባዥ ሆነች። ሰው ምንም ሳይኖረው እንዴት ቀና እንደሚል ያየሁት ያን ምሽት ነው፤ ቢገባኝ ኖሮ።

ሰኞ የጭነት መኪናው መጣ። አጎቴ ሙካሽፊ ጭነቱ አናት ላይ ተቀምጦ ከእጁ ላይ ዳቦ እየገመጠ ነበር። ወርዶ ጆንያ ሙሉ ደረቅ ዳቦ ሰጠንና የእናቴን እግር አየ።

«ዕቃሽ የታለ?»

«አላሰርኩም።»

«ራድያ፣ አትቀልጂ። አጨዳው ገና ነው። እስከዚያ ምን ትበላላችሁ?»

«ኹድራ አለ፣ ያንተ ዳቦ አለ። ደግሞ የምመልሰው ደቦ አለብኝ። የሰው ጉልበት በልቼ ወደ ከተማ አልሸሽም።»

«በዚህ እግር ነው የምትመልሺው?»

አጎቴ ወደ ማሳው ዞረ። ዱኽኑ ንጹሕ አሸዋ ላይ ተሰልፎ ቆሟል፤ አንዲት ሐምራዊ አበባ አትታይም። ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ይህን ሁሉ ማን አረመው?»

«መንደሩ።»

«ቀን ምን በሉ?»

«ምንም። ጾመኛ ነበሩ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ዐጀብም።»

«ዐጀብ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እዚያው መንደር ያደገ ሰው ነው፤ ዐጀብን ያውቀዋል። ከዚያ ሳቁ ተቆረጠ። ጥምጣሙን ፈቶ ዓይኑን አሸ፤ አሸዋ የገባበት መሰለኝ።

እናቴ ሳህን ይዛ መጣች። «ቅመስ፣ መንገደኛ ነህ።»

አጎቴ ሳህኑን አየ። እናቴን አየ። «ዛሬ ቀኑ ምንድነው?» አለ።

«ሰኞ።»

«እንግዲያው እኔም ጾመኛ ነኝ።»

የዳቦው ፍርፋሪ ገና ጺሙ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። እናቴ አየችኝ፤ ዘጋሁት።

«አላህ ይቀበልህ» አለችው።

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። አጎቴ ጀላቢያውን አውልቆ የእሾህ አጥሩ ላይ ሰቀለና እጁን ዘረጋ።

«ከማን ማሳ ነው የምጀምርልሽ?»

«ከዐጀብ» አለች እናቴ፣ መኮትኮቻውን እያቀበለችው። ሾፌሩ ደግሞ ነፋ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ አሸዋውን አስነሥቶ እኛን ሳይዝ ሄደ።